ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ከሆነ፦ ዊንዶውስን ከሥሩ አጽድቶ ስለመጫን



ባለፈው ወር አንዲት የአራተኛ ዓመት እህት ከጓደኛዋ ጋር ሆና ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ላፕቶፑን ወንድሟ ነው ለአረፋ ከመርካቶ ወደ ቡታጅራ ሲገባ ያመጣላት። ያገለገለ ዴል ላቲቲውድ 5490 ነው፤ መልኩ ንጹሕ፣ ኪቦርዱ ያልተበላ፣ ቻርጀሩም የራሱ። ችግሩ ሌላ ነው። ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ክሮም ሲከፈት የማታውቀው ሰው ኢሜይል ይመጣል፤ "ዲ" ውስጥ ደግሞ የማታውቀው ቤተሰብ ፎቶ ሞልቶበታል። ለወራት እንደዚሁ ስትጠቀምበት ቆይታ አሁን ፕሮፖዛሏን ልታቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው የባሰባት።

"ለምን እስከዛሬ ጥገና ቤት አልወሰድሽውም?" አልኳት። ዝም አለች። የመለሰችልኝ ጓደኛዋ ናት፦ "የራሷም ፎቶ አለበት፤ የእህቷ ሰርግ፣ የሴቶቹ ሒና። ለማታውቀው ወንድ ትታ 'ማታ ተመለሺ' ሊሏት ነው?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እኔም ብሆን ለእሷ የማታውቀው ወንድ ነኝ። ስለዚህ ሥራውን ራሷ እንድትሠራው ተስማማን። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ እነግራታለሁ፣ ቁልፉን የምትነካው እሷ ናት፤ ስክሪኑንም አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዞረችውም። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ከታች የምታነቡት ያን ቀን የነገርኳት ነው፤ ያን ቀን ረስቼው በኋላ ያስታወስኩትንም ጨምሬበታለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ማጥናት አያስፈልገውም። ትዕግሥትና 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል።

"ፎርማት ተደርጓል" ሲሏችሁ

ሻጩ "አዲስ ፎርማት ነው፣ ንጹሕ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜም አይዋሽም፤ ግን እሱ ንጹሕ የሚለውና እኛ የምንፈልገው ንጹሕ አንድ አይደሉም። የአንድ ላፕቶፕ ዲስክ እንደ አንድ ቤት ነው፤ ውስጡ በክፍል በክፍል ይከፈላል። "ሲ" እና "ዲ" የምንላቸው ክፍሎቹ ናቸው፤ ከነሱ ሌላ ለዓይን የማይታዩ ትንንሽ ክፍሎችም አሉ። የተለመደው ፎርማት "ሲ"ን ብቻ አጥፍቶ እዚያው ላይ ዊንዶውስ መጫን ነው። "ዲ" ሳይነካ ይቀራል። የቀድሞው ባለቤት ፎቶም፣ በኮፒ ቤት ፍላሽ የገባው ቫይረስም እዚያው ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የሚጫነው ዊንዶውስ ራሱ ከየት እንደመጣ ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰው እያንዳንዱን ላፕቶፕ ከመጀመሪያው አይጭንም። አንድ የተዘጋጀ ቅጂ አለው፤ ኦፊሱም፣ አክቲቬት ማድረጊያ ክራኩም፣ የማታውቋቸው አምስት ስድስት ፕሮግራሞችም ተሰፍተውበት በአሥራ አምስት ደቂቃ ይገለብጠዋል። ያ ቅጂ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ እሱም አያውቅም።

ከሥሩ መጫን የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ክፍሎቹን ሁሉ አፍርሶ፣ ከአምራቹ ከራሱ በወረደ ፋይል፣ ባዶ ዲስክ ላይ መጀመር።

ገና ያልገዛችሁ

ያልገዛችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ አንዳንድ ችግር በመጫን አይፈታምና። እዚያው ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑን አስነሥታችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 እየደጋገሙ መንካት ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት። ለጊዜው ይሠራል፤ ነገ ግን ከፍላሽ ማስነሣት ስትፈልጉ በር ተዘግቶባችሁ ትቆማላችሁ።

ከዚህ የባሰ አለ። ወደ እኛ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በውጭ አገር የኩባንያና የትምህርት ቤት ንብረት የነበሩ ናቸው። አንዳንዶቹ እስካሁን በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ በዚያ ድርጅት ስም እንደተመዘገቡ ናቸው። ዊንዶውስ በአዲስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ "እንኳን ወደ እገሌ ድርጅት በደህና መጣህ፣ የመሥሪያ ቤት ኢሜይልህን አስገባ" የሚል ስክሪን ይመጣል። ምዝገባው ያለው ዲስኩ ላይ ስላልሆነ አሥር ጊዜ ብትጭኑት ተመልሶ ይመጣል። ድርጅቱ ዕቃውን ሲያስወግድ መሰረዝ ረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ ይህን ማየት አይቻልም፤ ያለ ኢንተርኔት ተጭኖ ስለሚቀመጥ። መፍትሔው ስትገዙ የጥቂት ቀን መመለሻ መዋዋል ነው። በፊቅህ ኺያሩ ሸርጥ የሚባለው ነው፤ ሻጩ የሚያውቀው በሌላ ስም ቢሆንም "በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ስክሪን ከመጣ እመልሳለሁ" ብላችሁ በደረሰኙ ጀርባ አስፈርሙ።

የሰው ገበና

ወደ እህታችን ላፕቶፕ ልመለስ። "ዲ" ውስጥ ያለው የማን እንደሆነ አላየችውም፤ አንዴ ከፍታ የልጆች ልደት መሆኑን ስታይ ዘግታዋለች። ትክክል አድርጋለች። ሰው ላፕቶፕ ሲሸጥ የሸጠው ብረቱንና ፕላስቲኩን ነው። ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ ክሮም ውስጥ የተቀመጠው የይለፍ ቃሉ ከሽያጩ ጋር አልተላለፈም፤ በእጃችን ያለ የሰው ገበና ነው። በተቀመጠ ይለፍ ቃል ወደ ሰው አካውንት መግባት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት የሚያስጠይቅ ነው፤ "በሩ ክፍት ነበር" ማለት አያድንም።

በሻጩ በኩል ባለቤቱን ማግኘት የሚቻል ከሆነ "ፋይል ረስተሃል፣ ትፈልገዋለህ?" ማለት መልካም ነው። የእህታችን ወንድም ሱቁ ጋ ደውሎ ነበር፤ ከውጭ በጅምላ የመጣ ነው አሉት። እንግዲያው ሳያዩ ማጥፋት ነው የቀረው። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የገንዘብ ሰነድ የሚመስል ነገር ካጋጠማችሁስ? እኔ የኮምፒውተር እንጂ የፊቅህ ሰው አይደለሁም፤ ለኡስታዞቻችሁ አቅርቡት።

ከማጥፋታችሁ በፊት የራሳችሁን አውጡ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። እስካሁን ካየኋቸው ለቅሶዎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው። "ሁሉንም 'ዲ' ላይ አድርጌዋለሁ፣ አይነካም" የሚለው ሐሳብ በዚህ አሠራር አይሠራም፤ "ዲ"ም ይፈርሳል። የእናንተ የሆነው ሁሉ ከላፕቶፑ ውጪ መውጣት አለበት፤ ወደ ሌላ ፍላሽ፣ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ጉግል ድራይቭ። ከዚያ ፍላሹን የጓደኛችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስቱን ፋይል ክፈቱ። ተገለበጠ ማለት ይከፈታል ማለት አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍና ለዳታ ደግሞ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ።

ሰው የሚረሳቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ዴስክቶፕ ላይ የተበተነው፣ ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ያወረደው፣ የኤስፒኤስኤስ ዳታ፣ የሜንደሌይ ወይም የኤንድኖት ማጣቀሻዎች፣ ክሮም ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች።

አንድ ሌላ የኛ አገር ነገር አለ፤ ፎንት። በድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ፎንቱ ከሌለ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘራበት ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ፎንት ነው የሌለው። ከመሥሪያ ቤትና ከቀበሌ የምናገኛቸው ቆየት ያሉ የአማርኛ ሰነዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የጥናታችሁ ምንጭ እንደዚያ ያለ ፋይል ከሆነ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ "ፎንትስ" ከሚለው የግዕዝ ፎንቶቹን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። እህታችን የወረዳ ሪፖርት ነበራት፤ ይህን ባናስታውስ ኖሮ ሁለት ሳምንቷ አለቀ ነበር።

ማሽኑ ምን ይችላል?

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ነጻ ድጋፉ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ማሻሻያ የሚመጣው ለማራዘሚያው ለተመዘገበ ነው፤ ለግል ተጠቃሚ ያም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ አጽድቶ ለሚጭን ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ዊንዶውስ 11 ነው። እሱ ደግሞ ሁሉንም ላፕቶፕ አይቀበልም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ከኢንቴል ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በተግባር ከ8 ጊጋባይት ራም በታች አልመክርም።

ትውልዱን ማወቅ ቀላል ነው። ከ"አይ 5" ወይም ከ"አይ 7" ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፦ 6300 ከሆነ ስድስተኛ፣ 8350 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10210 ከሆነ አሥረኛ ትውልድ ነው። "አይ 7 ነው" ተብሎ የሚሸጥ የአራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ከስምንተኛ ትውልድ አይ 5 ይደክማል፤ ዊንዶውስ 11ም አይቀበለውም። ገበያ ላይ በብዛት የምናየው ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ ትውልድ ነው።

በግድ የሚያስጭኑ መንገዶች እንዳሉ አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት ግን ለእንደዚህ ያለ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ግዴታ የለብኝም ብሏል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትተማመኑበት ማሽን ላይ አትሞክሩት። ለእነዚህ ቆየት ላሉ ላፕቶፖች እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት ነው። ነጻ ነው፣ በ4 ጊጋባይት ራም በደንብ ይሠራል፣ የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ከፍላሽ ላይ ሳትጭኑት መሞከርም ይቻላል። ችግሩን አልደብቅም፤ አውቶካድና ማይክሮሶፍት ኦፊስ እንዳለ አይገቡበትም። ኢንጂነሪንግ ከሆናችሁ ይከብዳችኋል። ጽሑፍ መጻፍ፣ ማንበብና ፕሮግራሚንግ ከሆነ ሥራችሁ ግን ምንም አይጎድልባችሁም።

ከመጫን በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ስለሆነ አዲስ ዊንዶውስ አያድነውም። የእህታችን ዲስክ ሰማያዊ ነበር፣ ግን የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። እውነቱን ነገርኳት፦ ማጽዳቱ ያፈጥነዋል፣ አሥሩ ደቂቃ ወደ ሁለት ይወርዳል፤ በሰከንዶች እንዲነሣ ከፈለግሽ ግን ኤስኤስዲ መቀየር ነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ አውርዱ። ከቴሌግራም ቻናል አይሁን፣ "አክቲቬት የተደረገ" የሚል ስም ካለውም አይሁን። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከባድ ነው፤ በግቢው ዋይፋይ ወይም በሌሊት ጥቅል አንድ ሰው ካወረደው ለዶርሙ ሁሉ ይበቃል። ስትቀባበሉ ግን ሳይነካ መቅረቱን አረጋግጡ። ማይክሮሶፍት በማውረጃው ገጽ ላይ የፋይሉን መለያ፣ ሃሽ የሚባለውን ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ያወጣል። ሰቨን ዚፕ ከተጫነ ፋይሉን በቀኝ በኩል ነክታችሁ "ሻ 256" ስትሉ የእናንተን ያሳያችኋል። አንድ ፊደል ቢለይ እንኳ ፋይሉ ወይ ተበላሽቷል ወይ ተነካክቷል፤ ጣሉት።

ፍላሹ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሩፈስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፍላሹንና ፋይሉን ምረጡ፣ የክፍፍሉ ዓይነት "ጂፒቲ" መሆኑን አይታችሁ ጀምሩ። ይህን ሁሉ በበሽታ የተያዘው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን በጤነኛ ኮምፒውተር ላይ አድርጉት።

ስለ መብራት ካላነሣሁ የጉብሬን ኑሮ የማያውቅ ሰው ልመስል ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ብዙ ጊዜ ሃያ ደቂቃም አይቆይም። ባትሪውን ሞልታችሁ፣ መብራቱ በማይጫወትበት ሰዓት ጀምሩ። መሃል ላይ ጠፍቶ ላፕቶፑ ቢዘጋ አትደንግጡ፤ ከፍላሹ እንደገና መጀመር ነው። ባዮስ ማሻሻል ግን ከዚህ ይለያል። እሱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላልና ባትሪው በማይታመን ላፕቶፕ ላይ አትንኩት።

ማፍረሱ

ፍላሹን ሰኩ፤ ሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ከተሰካ ንቀሉ። ይህን የምለው የገለበጣችሁበትን ዲስክ ራሱን እንዳታፈርሱት ነው። ላፕቶፑን "ሪስታርት" በሉት፣ እንደተነሣም የማስነሻ ምርጫ ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ፦ ዴል፣ ቲንክፓድና ቶሺባ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ኤፍ 9፣ አሱስ ኢስኬፕ። ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጡ።

ቋንቋና ኪቦርድ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የምርት ቁልፍ ሲጠይቅ "የለኝም" በሉ። በዊንዶውስ 10 "ካስተም" የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ በአዲሱ የዊንዶውስ 11 መጫኛ ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ ማወቃችሁን ምልክት አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ የዲስኩ ክፍሎች ዝርዝር ይመጣል። ልብ የሚመታው እዚህ ነው። መጠናቸውን አንብቡ፤ 8 ወይም 16 ጊጋባይት የሚለው የራሳችሁ ፍላሽ ስለሆነ አትንኩት። በላፕቶፑ ዲስክ ሥር ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ እየመረጣችሁ "ዴሊት" በሉ፤ ትልቁንም፣ ትንሹንም፣ "ሪከቨሪ" የሚለውንም። በመጨረሻ "አንአሎኬትድ ስፔስ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲቀር እሱን መርጣችሁ ቀጥሉ። ክፍሎቹን ዊንዶውስ ራሱ ይሠራቸዋል።

እህታችን እዚህ ስትደርስ እጇን አነሣች። "ይኼ ሁሉ ሄደ ማለት ነው?" አለች። የገለበጥነውን ፍላሽ በጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይ እንደገና ከፍተው አዩ፤ ፕሮፖዛሉ አለ፣ ፎንቱ አለ፣ የሰርጉ ፎቶ አለ። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ነካችው።

ዲስኩ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ፣ በተለይ አሥራ አንደኛ ትውልድና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር ነው። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ በማድረግ "ሎድ ድራይቨር" በሚለው አስገቡት። ሌላው ጀማሪን የሚያሳስት ነገር፦ ፋይሉ ተገልብጦ አልቆ ላፕቶፑ በራሱ ሲነሣ እንደገና ኤፍ 12 አትንኩ፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሳችሁና "አልሠራም" ትላላችሁ።

የማን አካውንት ነው?

ዊንዶውስ 11 ሲጠናቀቅ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ዋይፋዩ ካልታወቀ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ "ዩኤስቢ ቴተሪንግ" አብሩ፤ በዚያ ያልፋል።

አካውንቱ የራሳችሁ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉንም የምታውቁት ይሁን። ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳ። በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ብዙ ጊዜ ዲስኩ በራሱ ይመሰጠራል። ይህ መልካም ነው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፎቶዎቻችሁን ሌባው አያያቸውም። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ባዮስ ውስጥ ነገር ሲቀየር ወይም ማዘርቦርድ ሲነካ ላፕቶፑ ያንን ቁጥር ይጠይቃል። አካውንቱ በችኮላ በተከፈተና በተረሳ ኢሜይል ከሆነ ፋይላችሁ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል፤ ማንም አይከፍተውም። ዊንዶውሱን የጫነላችሁ ሰው በራሱ ኢሜይል ገብቶ ከሆነ ደግሞ የቤታችሁ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ዊንዶውስ በሰው አስጭናችሁ ከነበር ዛሬውኑ ገብታችሁ በማን ስም እንደሆነ እዩ።

ክራኩ

"አክቲቬት አላደረጋችሁትም" ማለታችሁ አይቀርም። ከዊንዶውስ 10 ጋር ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ ከሆነ ፈቃዱ ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፏል። ዊንዶውስ ሲጫን ራሱ አንብቦ ኢንተርኔት እንዳገኘ ይነቃል። የእህታችንም እንዲሁ ሆነ፤ "ሲስተም" ውስጥ "አክቲቬሽን" የሚለውን ስትከፍት "በዲጂታል ፈቃድ ነቅቷል" አላት። የከፈለ ሰው አለ፤ ፈቃዱ ከላፕቶፑ ጋር መጥቷል፤ ማንም ሳይነግራት በላዩ ላይ ክራክ ተጭኖበት ነበር። እዚያው ቦታ "በድርጅትዎ አገልግሎት ነቅቷል" የሚል ካያችሁና ላፕቶፑ የድርጅት ካልሆነ ያ አብዛኛውን ጊዜ የክራክ ምልክት ነው።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1988 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መብት ነው፣ መጣስ አይቻልም ብሎ ወስኗል። የዚህን ዝርዝር ለሚያውቁት እተወዋለሁ። በእኔ በኩል ያለው ይህ ነው፦ ክራኮቹ ከመጫናቸው በፊት "ዲፌንደርን አጥፋ" ይላሉ። ጠባቂህን አስተኛና አስገባኝ የሚል እንግዳ ምን ይዞ እንደሚገባ አስቡት። ፈቃድ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ዊንዶውስ ሳይነቃም ይሠራል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ጽሑፍ ይኖራል፣ የጀርባ ሥዕል መቀየር አይፈቅድም። ከቫይረስ ይሻላል፣ ግን ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም። ሊኑክስ ግን ይህ ጥያቄ ጭራሽ የለበትም። ለኦፊስ ደግሞ ሊብረኦፊስ አለ፤ የማይክሮሶፍት የራሱ ዎርድም በብራውዘር ላይ በነጻ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያውን ሌሊት ለዊንዶውስ አፕዴት ተዉለት፤ አብዛኛውን ድራይቨር ራሱ ያመጣል። የጎደለ ካለ በላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በአምራቹ ገጽ አስገብታችሁ አውርዱ። "ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ" የሚሉ ፕሮግራሞችን አልወዳቸውም። ጸረ ቫይረስ መግዛት አያስፈልግም፤ ዲፌንደር ይበቃል። የአማርኛና የአረብኛ ኪቦርድ ሁለቱም ዊንዶውስ ውስጥ አሉ፤ በቋንቋ ምርጫ መጨመር ብቻ ነው። "ሰላም" ለማለት "ኤስ"ንና "ኢ"ን መምታት የለመደ ሰው ኪማን ቢጭን ይቀለዋል።

በሩ ላይ ያሉት ኮፒ ቤቶች የሚያመጡብንን ታውቃላችሁ፤ ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ይቀየራል። ለፕሪንት አንድ የተለየ ፍላሽ ያዙ፣ ፒዲኤፍ ብቻ አድርጉበት፣ ስትመለሱ ሳትከፍቱ ፎርማት አድርጉት። በቴሌግራም መላክ ከተቻለ የበለጠ ይሻላል።

የቀረው የምትሸጡት ቀን ነው። ክፍሎችን ማፍረስ ማውጫውን መቅደድ ነው እንጂ ገጾቹን ማቃጠል አይደለም፤ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ በተለይ፣ በነጻ ፕሮግራም የጠፋ ፎቶ ተመልሶ ይወጣል። ላፕቶፕ ስትሸጡ ወይም ለታናሽ ስትሰጡ በ"ሪሴት ዚስ ፒሲ" ውስጥ "ሁሉንም አጥፋ" ብላችሁ፣ ከዚያ በተጨማሪ ምርጫው "ዲስኩን አጽዳ" የሚለውን አብሩ። በላዩ ላይ ስለሚጽፍበት ሰዓታት ይወስዳል፤ ይውሰድ። በአንዳንድ የዴልና የኤችፒ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥም ዲስክ የሚያጸዳ ትእዛዝ አለ።

ያን ቀን ይህን ስነግራት እህታችን ድንገት ዝም አለች። ከዚህ በፊት የነበራትን ላፕቶፕ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሸጣዋለች፤ "ፎቶውን አጥፍቼ ነው የሸጥኩት" አለች፤ ወደ ሪሳይክል ቢን ልካ ማለቷ ነው። የገዛችውን ልጅ ታውቃት ነበርና እዚያው ደወለችላት። ልጅቷ አሁንም ላፕቶፑን እየተጠቀመችበት ነው። ቅዳሜ ተገናኝተው የልጅቷን ፋይል አውጥተው፣ ዲስኩን አጽድተው፣ እኔ ሳልኖር ሁለቱ ብቻቸውን እንደገና ጭነውታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆሙና ደወሉልኝ፦ ኤፍ 12ን ሁለተኛ ነክተውት ነበር።